በምስክር ወረቀቴ ጀርባ

ሰኞ፤ ወረቀት ካለቀ 1ኛ ቀን

ይህን ደብተር የጠረዘችው ባለቤቴ ናት። እኔ በማተሚያ ቤታችን ትልቁ ማሽን ላይ ነው የምሠራው፤ እሷ ጥረዛ ክፍል ናት። ዛሬ ከሰዓት የመጨረሻው ጥቅል ወረቀት አልቆ ማሽኑ ጸጥ አለ። እጇን አጣጥፋ መቀመጥ የማይሆንላት ሴት ናትና ከቁም ሳጥኔ አንድ ክምር ወፍራም ወረቀት አውጥታ፣ ቆርጣ፣ ሰፍታ፣ ጀርባውን በሙጫ ለብጣ ሰጠችኝ።

«ወረቀቱ እስኪመጣ እኛ ላይ ከምትነጫነጭ እዚህ ላይ ተነጫነጭ» አለች።

ከምን ወረቀት እንደጠረዘችው መጻፍ ያሳፍራል፤ ቢሆንም ደብተሩ የራሴ ነው፣ ማን ያየኛል። የዛሬ ስድስት ዓመት የመሥሪያ ቤቱን የወንዶች ጠረጴዛ ቴኒስ ለአራተኛ ጊዜ አሸንፌ የምስክር ወረቀቴን በገዛ ማሽኔ አተምኩ። ማሽን አንዴ ተዘጋጅቶ፣ ቀለሙ ተስተካክሎ ሳለ አንድ ብቻ አትሞ ማቆም ለእኛ ለአታሚዎች ነውር ነው። መቶ አተምኩ። በትልቁ በወርቅማ ቀለም «የወንዶች ሻምፒዮን» ይላል፣ ከሥሩ ስሜ አለ፣ ዓመቱ ብቻ ክፍት ነው። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ አንድ እየመዘዙ ዓመቱን በብዕር መሙላት ብቻ ሆነ። ይኸው ዘጠኝ ዓመት ሞላኝ። መሥሪያ ቤት ውስጥ በስሜ የሚጠራኝ የለም፤ «ጋሼ ዋንጫ» ነው የምባለው።

ደብተሩ የተሠራው ከተረፉት ነው። እኔ የምጽፈው ከጀርባቸው ነው።

«ለዘንድሮ እንኳ አንድ አታስቀሪልኝም?» አልኳት።

«ካሸነፍክ ከደብተርህ ትገነጥላለህ።»

ካሸነፍክ! እስከ አምና ድረስ «ስታሸንፍ» ነበር የምትለው።

ረቡዕ፤ 3ኛ ቀን

መጋዘኑ ተጠርጎ ጠረጴዛው ተዘረጋ። እኛ ዘንድ ልማዱ እንዲህ ነው፤ ወረቀት ሲኖር መጋዘኑ እስከ ጣሪያው ይሞላል፣ ጠረጴዛው ግድግዳ ተደግፎ አቧራ ይጠጣል። ወረቀት ሲያልቅ ቦታ ይገኛል። ስለዚህ ሻምፒዮና የምንጫወተው ሥራ ሲጠፋ ነው። አለቆች ስልክ ላይ ሲጮኹ እኛ ራኬት እንፈልጋለን።

አዲሱ ሥራ አስኪያጃችን ማስታወቂያ ለጠፈ። ጨዋታ በምሳ ሰዓት ብቻ፤ በቀረው ሰዓት ማሽን ማጽዳት። ወረቀቱ በአንድ ወር ውስጥ ስለሚደርስና ጠረጴዛው አንድ ስለሆነ ዘንድሮ የወንድ የሴት ሳይባል አንድ ውድድር፣ አንድ ዋንጫ።

ወንዶቹ ሳቁ። ሴቶቹ ወደየክፍላቸው ተመለሱ። ባለቤቴ ሁለት ጊዜ አንብባው እያንጎራጎረች ሄደች። የሴቶቹን ዋንጫ ስድስት ዓመት በተከታታይ የወሰደችው እሷ ናት። እሷ ስታንጎራጉር ደስ አይለኝም፤ የሆነ ነገር አስባለች ማለት ነው።

ዓርብ፤ 5ኛ ቀን

መመዝገቢያው ላይ አሥራ አምስት ወንድ፣ አንዲት ሴት። አንዲቷ ማን እንደሆነች መጻፍ አያስፈልግም።

የማሽኑን ሮለር እያጸዳሁ ሳለ አራሚያችን መጣች። ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት አንብባ ስህተት የምትለቅመው እሷ ናት፤ የተዘለለች ነጥብ ከሦስት እርምጃ ይታያታል። ማተሚያ ቤት ውስጥ ስህተት ታትሞ ሲወጣ አራሚዋ «ማሽን ሠራተኛው ነው» ትላለች፣ ማሽን ሠራተኛው «አራሚዋ ናት» ይላል። ከእሷ ጋር እንዲህ ስንካሰስ አሥራ ሁለት ዓመት ኖረናል። እንዋደዳለን።

«ጋሼ፣ አምና ስንት ሴቶች ነበርን?»

«እኔ ምን አውቃለሁ።»

«አሥራ አንድ። አሁን አንድ። ያቺም ያንተዋ ናት።»

«እናንተም ፈርሙዋ! ማን ከለከላችሁ?»

«ልክ ነህ፣ ማንም አልከለከለንም። የመጀመሪያው ቀን ሜትር ኳሷን ግንባሬ ላይ ያፈርጣታል፤ እኔም ማንም ሳይከለክለኝ ወደ ክፍሌ እመለሳለሁ።»

ሜትር የምንለው ወረቀት መቁረጫው ላይ የሚሠራውን ቆራጩን ነው። ክንዱ ረጅም ነው፤ ከወዲያ ማዶ ቆሞ የእኔን ኪስ መፈተሽ የሚችል ይመስለኛል።

«እኔ ሁለተኛውን ማጣሪያ አልፌ አላውቅም» አለች አራሚዋ። «በየዓመቱ የምጫወተው አንድ ቀን አልፋለሁ ብዬ ነው። ያቺን አንድ ቀን ነው የወሰዱብኝ። ኮሚቴው ላይ ተናገርልን።»

ሥራ አስኪያጁ ቅሬታ ሲበዛበት የሦስት ሰው ኮሚቴ አቋቁሟል፤ አራሚዋ፣ ሜትርና እኔ። የእሷን ሐሳብ አወቅሁት። ሜትር ደግሞ «ይምጡ፣ ሁሉም ይምጡ» ነው የሚለው። የቀረው የእኔ ድምፅ ነው።

እሑድ፤ 7ኛ ቀን

ቤት ውስጥ ሦስት ነን፤ ባለቤቴ፣ እኔና አሥራ ስድስት ዓመት የሞላት ልጃችን። ልጃችን ለትምህርት ቤቷ አራት መቶ ሜትር ትሮጣለች። ምሳ ላይ ጉዳዩን አነሳሁት። በገለልተኛ ድምፅ ነው ያነሳሁት፣ ቢያንስ ለእኔ እንዲያ መስሎኛል።

«አንቺ ምን ትያለሽ?» አልኳት ልጄን።

«ሩጫ ከሆነ መለያየት አለበት አባዬ። ክፍላችን ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ሳይለማመዱ የሚቀድሙኝ ሦስት ወንዶች አሉ። ከእነሱ ጋር ብሮጥ ዕድሜ ልኬን ፍጻሜ አልደርስም። አሠልጣኝም ዞር ብሎ አያየኝም።»

«አየሽ!» አልኩ ወደ ባለቤቴ ዞሬ። ትንሽ ቸኮልኩ መሰለኝ።

«ሩጫ ሌላ» አለች። «እኔ ከሜትር ጋር ጆንያ ልሸከም አላልኩም። ኳሷ ሦስት ግራም አትሞላም።»

«ቢሆንም ፍጥነት አለ፣ የክንድ ርዝመት አለ…»

«አለ። ስለዚህ ልሸነፍ እችላለሁ። መሸነፍ እኮ ነው ያማረኝ! ስድስት ዓመት ሙሉ እነዚያኑ ሰዎች ነው የማሸንፈው። የመጀመሪያው ዓመት በደስታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። አሁን ዋንጫውን ስቀበል የደረቀ ልብስ ከገመድ ላይ የማነሳ ይመስለኛል።»

ልጃችን ማንኪያዋን አስቀመጠች። «አባዬ፣ እማዬ ታሸንፍሃለች እንዴ?»

«ይሄ ከዚያ ጋር ምን ያገናኘዋል? የመርህ ጉዳይ ነው።»

«አንገትህን እያከክህ ነው» አለች ባለቤቴ።

ስዋሽ አንገቴን አካለሁ ትላለች። ሃያ ዓመት ሙሉ እንዲህ ትላለች። በልቶኝ ነው።

ማታ፤ ያው ቀን

መለያየቱ ልክ ነው ብዬ አምናለሁ። አሥር ሴቶች ማስታወቂያውን ባዩበት ቀን ራኬታቸውን አስቀምጠዋል፤ ይህ ቁጥር ነው፣ አስተያየት አይደለም። ባለቤቴም ግን ልክ ናት። በርትታ ጣሪያ ላይ የደረሰችን ሰው «በቃሽ፣ ከዚህ በላይ የአንቺ አይደለም» ማለት ምን ዓይነት ሽልማት ነው?

የቸገረኝ ሌላ ነው። የአራሚዋ እውነት ለእኔም ይመቸኛል። ሰው እውነቱ ራሱንም የሚጠቅመው ሆኖ ሲያገኘው ራሱን እንዴት ይመን? እኔና ባለቤቴ በልምምድ ስንጫወት ማን እንደሚያሸንፍ ማንም አይመዘግብም። እኔም እዚህ አልመዘግብም።

ሰኞ፤ 8ኛ ቀን

ስብሰባው አሥር ደቂቃ ፈጀ። መፍትሔው የእኔ ነው፣ ኮርቼበታለሁ። የሴቶች ውድድር እንዳለ ይቆያል። የወንዶች የነበረው ለሁሉም ክፍት ይሆናል፤ የፈለገ ይግባ፣ የፈለገች ትግባ። የማጣሪያ ጨዋታዎች በአምስት ዙር ፋንታ በሦስት ዙር ስለሚያልቁ ሁለቱም ውድድሮች በወሩ ውስጥ ይጠናቀቃሉ። ሁለቱም ላይ መመዝገብ ግን አይቻልም። ክፍቱ ውስጥ የገባች ሴት የሴቶቹን ዋንጫ ለሌሎቹ ትተዋለች።

አራሚዋ ደስ አላት፣ ሜትርም ደስ አለው፣ ሦስታችንም እጃችንን አወጣን።

ለፍትሕ ሲባል ነው። እርግጥ ስድስት ዓመት የያዘውን ዋንጫ ጥሎ ወደማያውቀው የሚሄድ ሰው የለም ብዬም አስቤያለሁ። ማሰብ ኃጢአት አይደለም።

ማክሰኞ፤ 9ኛ ቀን

ጠዋት ሁለት ዝርዝር ተለጠፈ። የሴቶቹ ላይ እስከ ምሳ ዘጠኝ ስም ገባ። ከሽፋን ለጣፊዋ ጀምሮ እስከ ስልክ ኦፕሬተሯ ድረስ እየተገፋፉ ነው የፈረሙት። የክፍቱ ላይ ፊተኛዋ ፈራሚ ባለቤቴ ናት። እኔ ከእሷ ሥር ፈረምኩ።

ወደ ቤት ስንሄድ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ» አልኳት።

«የብብቴማ ስድስት ዓመት ብብቴ ውስጥ ቆይቶ ሸተተኝ» አለች።

በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች። ደንቡን ያወጣሁት ራሴ ነኝ።

ዓርብ፤ 12ኛ ቀን

ሌላ ጊዜ ልምምድ አብረን ነበር። ዘንድሮ «ከተጋጣሚዬ ጋር አልለማመድም» አለች። እሷ ሳሎን ውስጥ በምግብ ጠረጴዛው ላይ ከልጃችን ጋር ትጫወታለች፤ መረባቸው የተደረደረ መጽሐፍ ነው። እኔ መኝታ ቤት በር ዘግቼ ከግድግዳ ጋር። ጎረቤታችን መጥታ ምን እየሠራችሁ ነው፣ ቤቱን ልታሰፉት ነው ወይ ብላ ጠየቀች።

የወረቀቱ ወሬ የለም። ሥራ አስኪያጁ ጥፍሩን ይበላል።

ሰኞ፤ 15ኛ ቀን

አሸነፍኩ። 2 ለ 0።

እሷም 2 ለ 0። የገጠማት ሹፌራችን ነበር። ሲጀምሩ «አይዞሽ፣ ቀስ ብዬ ነው የምጫወተው» አላት። ሲጨርሱ ውሃ ስጡኝ አለ።

ረቡዕ፤ 17ኛ ቀን

አሁንም ሁለታችንም አለፍን። ዓርብ ግማሽ ፍጻሜ፤ እኔና እሷ። ሜትር በወዲያኛው በኩል እየጠረገ ነው የመጣው።

ልጃችን «ለማን ልጩህ?» ብላ ትጠይቃለች። «ለሁለታችንም» አልን እኩል። የተስማማንበት ብቸኛ ነገር ነው።

ሐሙስ፤ 18ኛ ቀን

ለምን እፈራለሁ? ዋንጫው ሻይ እንኳ አይፈላበትም። ሃምሳ አንድ ዓመቴ ነው፣ የተሻለ ነገር አላጣሁም። ግን ጠዋት በር ላይ ጥበቃው «እንደምን አደርክ ጋሼ ዋንጫ» ሲለኝ፣ ያቺን ቃል ከነገ ወዲያ ሲተዋት ታየኝ። ምን ብሎ ነው የሚጠራኝ?

አሳፋሪ ነገር ነው የጻፍኩት። ገጹን ልገነጥለው ነበር፤ ጀርባውን ገልብጬ ሳይ ስሜ አለበት።

ዓርብ፤ 19ኛ ቀን

ተሸነፍኩ። 3 ለ 2። አምስተኛው ዙር 12 ለ 10።

ማሽኑን ላጽዳ።

ማታ፤ ያው ቀን

መሥሪያ ቤቱ በሙሉ መጋዘን ውስጥ ነበር። ሰዉ ምሳውን በእጁ ይዞ ነው የቆመው። አራሚያችን ዳኛ ነበረች። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዙሮች እኔ ወሰድኩ፤ እጄ እንደ ድሮው ነበር። ከዚያ ባለቤቴ ሹራቧን አውልቃ ወንበር ላይ ሰቀለችና ጨዋታ ጀመረች። እስከዚያ የምትጫወት መስሎኝ ነበር። ሦስተኛውንና አራተኛውን ወሰደች። ኳሷን የምታስቀምጥበት ቦታ ሁሉ እኔ አሁን የለቀቅሁት ቦታ ነው። ሃያ ዓመት አብሮኝ የኖረ ሰው ወዴት እንደምሄድ ሊያውቅ ግድ ነው መሰለኝ።

በአምስተኛው ዙር 9 ለ 9 ላይ አንዲት ኳስ ትንሽ አወዛግባ ነበር። ዳኛዋ ለእኔ ፈረደች። ከዚያ ባለቤቴ ሦስት ነጥብ በተከታታይ ወስዳ ጨረሰች። ያቺ ኳስ ውጤቱን አልለወጠችም። ስለዚህ የሚጻፍ ነገር የለውም።

እራት ላይ ልጃችን ብቻዋን አወራች። እንዳላኮረፍኩ ለማሳየት ሳህን አደረቅሁ። አንዱን ሳህን ሁለት ጊዜ አደረቅሁት።

ሰኞ፤ 22ኛ ቀን

እጅ መታጠቢያው ጋ ተሰልፈን ሹፌሩ ከኋላዬ ሆኖ፣

«ጋሼ ዋንጫ፣ ነቅተንብሃል! ለሚስትህ አዘንክላት፣ አይደል? ማታ ቤት መግባት አለ፣ ይገባናል!» አለ።

ሁሉም ሳቀ። እኔም ፈገግ አልኩ። ምንም አልተናገርኩም። ፈገግታ ውሸት አይደለም።

ከሰዓት ሥራ አስኪያጁ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «ጨዋ ባል ነህ» አለኝ። እውነቱን ልናገርና ደስ አለኝ። ዘጠኝ ዓመት ሻምፒዮን ሆኖ በአሥረኛው ጨዋ ባል መባል መጥፎ አይደለም። ዝም አይነቅዝም ይላል የአገሩ ሰው።

ማክሰኞ፤ 23ኛ ቀን

ፍጻሜ። ሜትር 3 ለ 1 አሸነፋት። አንዱን ዙር ግን ነጥቃዋለች፤ የሜትር ላብ ባገጩ ሲንጠባጠብ ያየሁት ዛሬ ነው። ሲጨርሱ «እናቴ፣ ገደልሽኝ እኮ» ብሎ እጇን ጨበጣት። እሷም ሳቀች። ደስ ብሏት ነበር፣ ተሸንፋ!

ከኋላዬ አንድ ሰው «ይኸውላችሁ፤ ጋሼ ባያሳልፋት ኖሮ እዚህስ መች ትደርስ ነበር» አለ።

ዞር አላልኩም።

ሐሙስ፤ 25ኛ ቀን

ትናንት የሴቶቹ ፍጻሜ ነበር። አራሚያችን አሸነፈች! ሁለተኛ ማጣሪያ አልፋ የማታውቀዋ! ከስልክ ኦፕሬተሯ ጋር አምስት ዙር ተናንቀው በመጨረሻ ኳሷ መረቡን ታክካ ወዲያ ወደቀች። አለቀሰች፣ ሳቀች፣ ከዚያ ዋንጫው ላይ የተቀረጸውን ጽሑፍ አንብባ አንድ ስህተት አገኘች።

ከሁሉ በላይ ያጨበጨበችው ባለቤቴ ናት። «ያቺ አንድ ቀን መጣችልሽ!» እያለች አቀፈቻት። መለያየቱም መክፈቱም በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ሰው ሲያስደስት አየሁ። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ ብዬ ልኩራ ስል ከኋላዬ የሰማሁት ወሬ ትዝ አለኝና ማሽኔን ላጸዳ ሄድኩ።

ዓርብ፤ 26ኛ ቀን

ዛሬ አላንጎራጎረችም። ቤት ስንደርስ ጫማዋን ሳታወልቅ ተቀመጠች።

«ጥረዛ ክፍል ምን ሲሉ እንደሰማሁ ታውቃለህ? ‹በባሏ ትከሻ ተንጠላጥላ ፍጻሜ ደረሰች›።»

«የሥራ ፈት ወሬ ነው። ወረቀት ሲመጣ ይተዉታል።»

«አንተስ ምን አልካቸው?»

«ምንም አላልኩም።»

«ምንም?»

«ምንም።»

ራሷን ነቀነቀች። «እሱን ነው የምልህ» አለች። ተነሥታ ወንበር ላይ ወጥታ ራኬቷን ቁም ሳጥኑ አናት ላይ፣ ከግድግዳው ጥግ አስገብታ አስቀመጠችው። የማንፈልጋቸውን ዕቃዎች የምናስቀምጠው እዚያ ነው።

አንገቴን አላከክሁም፤ የተናገርኩት እውነት ነበር። እውነት ተናግሬ እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

እሑድ፤ 28ኛ ቀን

ዝም ይነቅዛል። ባለፈው ስጽፍ ተሳስቻለሁ።

ከጠዋት ጀምሮ ሳስብ ነው የዋልኩት። ነገ ሄጄ «አላዘንኩላትም» ብል «አቤት ትሕትና!» ይሉኛል፤ ይባሱኑ ጨዋ ባል እሆናለሁ። እንደገና እንግጠም ብላትስ? ባሸንፍ «አላልናችሁም?» ይላሉ። ብሸነፍ «ደግሞ አዘነላት» ይላሉ። በራኬት የማይታረም ነገር ሆነ። ዘጠኝ ዓመት ዋንጫ የሰጠኝ እጄ ለዚህ አንድ ነገር አልጠቀመኝም።

አንድ ነገር ብቻ አለ። እሱን ደግሞ እስከ ዛሬ እዚህ ደብተር ላይ እንኳ አልጻፍኩትም።

ኳስ የጠረጴዛውን የላይኛውን ጠርዝ ከነካች ነጥብ ናት። ከጠርዙ በታች ያለውን ጎን ከነካች ወጥታለች። በ9 ለ 9 ላይ ባለቤቴ የመታቻት ኳስ በቀኜ በኩል ጠርዙን ነክታ ወደ ላይ ነጥራ ወጣች። አይቻታለሁ፣ ሰምቻታለሁ። አራሚዋ የቆመችው በግራዬ ስለሆነ አልታያትም። መነጽሯን ገፋ አድርጋ «ጋሼ፣ ጠርዝ ነው ጎን?» አለችኝ።

«ጎን» አልኩ። አንገቴንም አክኬያለሁ መሰለኝ።

እሺ ብላ ነጥቡን ለእኔ ጻፈች። አሥራ ሁለት ዓመት ባንዲት ነጥብ ስንካሰስ የኖርን ሰዎች ያን ዕለት ያለ ክርክር አመነችኝ።

እንግዲህ ለሚስቱ ያዘነ ሰው ከሚስቱ ነጥብ አይሰርቅም። ማስረጃዬ ይኸው ነው፤ ሌላ የለኝም። በሙሉ ኃይሌ ተጫውቼ፣ አልበቃ ሲለኝ ሰርቄ፣ ያም አልበቃ ብሎኝ ተሸነፍኩ። ይህን መናገር ጋሼ ዋንጫን መቅበር ነው። ይህን አለመናገር ደግሞ እሷን ከነሕይወቷ ቁም ሳጥን ላይ ማስቀመጥ ነው። እወዳታለሁ። እየፈራሁም ቢሆን እወዳታለሁ።

ሰኞ፤ 29ኛ ቀን

ወረቀት መጣ!!! በኋላ እጽፋለሁ።

ማታ፤ ያው ቀን

ጠዋት ከሁሉም ቀድሜ ገባሁ። እኛ ቤት መጽሐፍ ታትሞ ካለቀ በኋላ ስህተት ሲገኝ ትንሽ ወረቀት ታትማ መጽሐፉ ውስጥ ትገባለች፤ እርማት እንላታለን። ከሁሉ ይልቅ የምናፍርባት ወረቀት ናት። ግን ሳናትማት ቀርተን አናውቅም።

መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ንጹሕ ወረቀት አልነበረም። ከዚህ ደብተር አንድ ያልተጻፈበት ገጽ ገነጠልኩ። የጥሪ ካርድ የምናትምባት ትንሿ የእጅ ማሽን ላይ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ለቅሜ ደረደርኩ፤ ሁለት ፊደል ገልብጬ አስተካከልኩ። እንዲህ ይላል፦

«እርማት። በግማሽ ፍጻሜው አምስተኛ ዙር 12 ለ 10 ተብሎ የተለጠፈው ውጤት 11 ለ 9 ተብሎ ይታረም። በ9 ለ 9 ላይ ኳሷ የነካችው ጎኑን ሳይሆን ጠርዙን ነው። አይቼ ዋሽቻለሁ። ስህተቱ የአራሚዋ አይደለም፤ የማሽን ሠራተኛው ነው።»

አንድ ብቻ አትሜ ማሽኑን አቆምኩ። በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው።

ውጤት መለጠፊያው ላይ ሰካሁትና ማሽኔ ሥር ተደበቅሁ፤ ዘይት የምቀባ መስዬ። በምሳ ሰዓት የወረቀት መኪናዎቹ በር ላይ ሲደርሱ መጋዘኑን ለመልቀቅ ሁሉም ተሰበሰበ። ሜትር አየው። ጮክ ብሎ አነበበው። መጨረሻው ላይ ድምፁ እየቀነሰ ሄደ።

እኔም ከማሽኔ ሥር ወጥቼ መሐል ቆምኩ፤ ሌላ የት እሄዳለሁ።

አራሚዋ ቀርባ ለራሷ አነበበችው፣ አንዴ፣ ሁለቴ። ገልብጣ በወርቅማ ቀለም የተጻፈውን ስሜን አየች። መልሳ ሰካችው።

«ስህተት የለበትም» አለች። ከዚያ መነጽሯን አውልቃ አፈጠጠችብኝ። «አሥራ ሁለት ዓመት ጠብቄ አንድ ቀን አመንኩህ፣ እሷንም አበላሸህብኝ!»

«ቆይ፣ ቆይ» አለ ሜትር ግንባሩን ቋጥሮ። «ሰርቀህም ተሸነፍክ?»

«ሰርቄም ተሸነፍኩ።»

ሳቁ መጋዘኑን ሊያፈርሰው ነበር። ባዶ መጋዘን ደግሞ ሳቅ ሲያስተጋባ አያድርስ ነው። ሹፌሩ ጆንያ ላይ ተዘርግቶ ሳቀ። «እኔስ በሁለት ዙር መገላገሌ ይሻለኛል!» ይላል። ከሳቁ መሐል «እንዲያውም ጋሼ ጠርዝ ነው መባል ያለበት» የሚል ድምፅ መጣ። በቃ፣ ተሰየምኩ። የፈራሁት ነገር ይኸው ነበር፤ ሲደርስ እንደፈራሁት አልከበደም።

ባለቤቴ ሙጫ በነካው እጇ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመች አላውቅም። መለጠፊያው ጋ ሄዳ አነበበች። ፊቷን አላየሁትም። ከዚያ ወደ ጠረጴዛው መጣችና፣

«በዚያ በኩል ያዝ፤ ወረቀቱ ሊገባ ነው» አለችኝ።

ጠረጴዛውን አብረን አጥፈን ወደ ግድግዳው ወሰድነው። እኔ ወደ ኋላ፣ እሷ ወደ ፊት እየሄድን። ግማሽ መንገድ ላይ ማንጎራጎር ጀመረች።

ማክሰኞ፤ 30ኛ ቀን

ማሽኑ ዛሬ ቀኑን ሙሉ ሠራ፤ ጆሮዬ አሁንም ይጮኻል፤ ደስ ይላል። የመጀመሪያው ሥራ የሜትር የምስክር ወረቀት ነበር። «የወንዶች» የሚለውን አውጥቼ «ሻምፒዮን» ብቻ አደረግሁት። ስሙን ከመደርደሬ በፊት «መቶ ላትምልህ?» አልኩት። «አንድ ይበቃኛል ጋሼ ጠርዝ፣ ለከርሞ ባለቤትህ ትመጣብኛለች» አለ።

ባለቤቴ እርማቷን ከመለጠፊያው ላይ ነቅላ ይዛት መጣች። እራት ከበላን በኋላ ጠየቅኋት።

«ያን ቀን ኳሷን አይተሻት ነበር?»

«ጥርት አድርጌ።»

«ለምን ዝም አልሽ ታዲያ?»

«ነጥቡን ነው የወሰድከው። ጨዋታውን መች ሰጠሁህ?» አለች። ሳህኖቹን እያነሳች ደግሞ፣ «ያበገነኝ ነጥቡ አይደለም። ነጥብማ ሰው ሲጨንቀው ይሰርቃል። ያበገነኝ ፈገግታህ ነው፣ እጅ መታጠቢያው ጋ።»

«ማን ነገረሽ?»

«ስትነግረኝ ስጠብቅ ነበር። እያከክህ አንገትህ ቀላ።»

ይቅርታ አልኳት፣ አፌን ሞልቼ። ልጃችን የምታጠናበትን መጽሐፍ ፊቷ ላይ አድርጋ እንዳልሰማች ሆነች።

ሳሎን ግድግዳ ላይ ዘጠኙ የምስክር ወረቀቶቼ በሦስት ረድፍ ተሰቅለዋል። ባለቤቴ ወንበር ላይ ወጣችና በመጀመሪያ ራኬቷን ከቁም ሳጥኑ አናት አወረደች። ቀጥላ ከዘጠኙ ሥር ምስማር መታች፣ አሥረኛውን ሰቀለች። ያው ወፍራም ወረቀት፣ ያው ወርቅማ ቀለም ከጀርባው፤ ከፊቱ ግን «እርማት» የሚለው ነው የሚታየው።

«ስሜ እኮ በዚያ በኩል ነው» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች ከወንበሩ እየወረደች። «ስምህ እስከሚቀጥለው ዓመት ግድግዳውን ይይ።»

ይይ። ነገ ከሥራ በኋላ ከልጄ ጋር ልምምድ አለኝ፤ መኝታ ቤቱንና ግድግዳውን ለባለቤቴ ለቅቄላታለሁ።